ውሃውን ረሳችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ማታ፣ ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ ነው። የቅዳሜው ሰኞ ይደርሰኛል፣ አንዳንዴም ማክሰኞ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ።

ባለፈው በሳይንስ ዓምዳችሁ ላይ፣ ኮምፒውተር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ባለ ቀዳዳ ቁሶችን በፍጥነት አበጥሮ ጋዝን ከጋዝ የሚለይ ምርጥ ቁስ እንዴት እንደሚመርጥ ጽፋችኋል። ደስ አለኝ። የምሬን ነው። ከእነዚህ ባለ ቀዳዳ ቁሶች የአንዱን ስም፣ "ዚዮላይት" የሚለውን ቃል፣ አማርኛ ጋዜጣ ላይ ታትሞ ሳየው የሰፈሬን ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ቆርጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ደንበኛ ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይለኛል፤ ለማስረዳት ሰበብ ሆነኝ።

ግን ሁለት ነገር ከነከነኝ። አንዱ ትንሽ ነው። ሌላው ትልቅ ነው፤ እሱን ሳልጽፍ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከትንሹ ልጀምር። ጽሑፉ እነዚህ ቁሶች ወንፊት ናቸው፣ ትንሹን ሞለኪውል አሳልፈው ትልቁን ያስቀራሉ ይላል። እንደዚያ የሚሠሩ አሉ። እኔ በየቀኑ የምፈታታው ማሽን ውስጥ ያለው ግን እንደዚያ አይሠራም።

ማሽኑ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ይባላል። ሳንባውን የታመመ ሰው ቤት ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁታል። ከሥሩ ጎማ ያለው፣ ኮመዲኖ የሚያክል፣ ቀን ከሌት የሚያጓራ ሳጥን ነው። ሲሊንደር አይደለም። አይሞላም፣ አያልቅም። የክፍሉን አየር ስቦ ኦክስጅኑን ለይቶ ይሰጣል። አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን፣ 1 በመቶ የማትሞላ ደግሞ አርጎን ነው። ማሽኑ ውስጥ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ እኛ ሲቭ ቤድ እንላቸዋለን። በጥቃቅን የዚዮላይት እንክብል ተሞልተዋል። ኮምፕረሰሩ አየሩን በግፊት ወደ አንደኛው ይሰደዋል። ናይትሮጅኑ እንክብሉ ላይ ይቀራል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቫልቩ ይገለበጣል። ተራው የሁለተኛው ይሆናል። የመጀመሪያው ግፊቱ ሲለቀቅለት የያዘውን ናይትሮጅን እፎይ ብሎ ያስወጣል። "ጧ - ሹሽ" የሚለው ድምፅ እሱ ነው። እንዲህ እየተቀባበሉ 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይሰጣሉ። መቶ አይሞላም፤ አርጎኑ ከኦክስጅኑ ጋር ተጎትቶ ያልፋል።

ታዲያ ወንፊቱ የት አለ? እስቲ እንለካው። የናይትሮጅን ሞለኪውል ስፋቱ 0.364 ናኖሜትር ነው፤ የኦክስጅን 0.346። ማሽኖቹ ውስጥ በብዛት የሚገባው 13ኤክስ የተባለው ዚዮላይት የቀዳዳው በር 0.74 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም እጃቸውን እያወዛወዙ ይገባሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከገቡ በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ የሶዲየም አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ አቶሞች፣ አሉ፤ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሊቲየም። ናይትሮጅን ኤሌክትሮኖቹ የተደለደሉበት መንገድ ከኦክስጅን ይበልጥ ወደ እነዚህ አዮኖች ያስጠጋዋል። ናይትሮጅን ቡና ተፈልቶ "ግባ" ሲሉት የሚቀመጥ እንግዳ ነው። ኦክስጅን በር ላይ ሰላም ብሎ "ቸኩያለሁ" የሚል ነው።

ወንፊት የሚለውን ስም እናንተ አላመጣችሁትም፣ ይሄን አውቃለሁ። ፈረንጆቹም ሞለኪውላር ሲቭ፣ የሞለኪውል ወንፊት፣ ይሉታል፣ እኛም ሲቭ ቤድ እያልን ነው የምንውለው። ስለዚህ በዚህ ብዙ አልጨቀጭቃችሁም።

ወደ ትልቁ ልምጣ። ጽሑፋችሁን ከዳር እስከ ዳር ሳነበው "ውሃ" የሚል ቃል አጣሁበት። ደግሜ አነበብኩት። የለም።

ውሃ ሦስተኛው እንግዳ ነው። ለሦስት ቀን ብሎ መጥቶ ዓመት የሚቆይ ዘመድ አታውቁም? እንደሱ ነው። ናይትሮጅን የሚቀመጥበትን ያንኑ ወንበር ይይዛል። ናይትሮጅን ግፊት ሲለቀቅ ተነስቶ ይሄዳል፤ ውሃ አይነሳም። ማሽኑ "ጧ - ሹሽ" ቢል፣ ቢያጓራ፣ አይሰማም። ወንበሩ በሙሉ ሲያዝ ናይትሮጅኑ መቀመጫ ያጣና ከኦክስጅኑ ጋር ተያይዞ ወደ ሕመምተኛው አፍንጫ ይሄዳል። ማሽኑ ይሠራል፣ አየርም ይወጣል። የሚወጣው ግን ኦክስጅን ብቻ አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንድ ማሽን መጣልኝ። ቢጫ መብራቱ በርቷል፤ ኦክስጅኑ ከ82 በመቶ በታች ወረደ ማለት ነው። መለኪያዬን ስሰካ 60 ምናምን አነበበ። ሲቭ ቤዱን ፈታሁት። እንክብሉ እርጥበት ጠጥቷል። አዲስ ሲቭ ቤድ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ደግሞ የማሽኑን ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ሰውዬው አቅም የለውም። እኔም ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። እንክብሉን ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ልክ እንደ በርበሬ። የጥር ፀሐይ ነው፣ የሐዋሳ የጥር ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሦስት ቀን ዶሮ እንዳይጭረው ስጠብቅ ዋልኩ። ጎረቤቴ በአጥር አንገቷን አውጥታ "ምን ዓይነት ማሽላ ነው እሱ?" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን መልሼ ሞላሁት። 40 አነበበ። ብሶበት አረፈ!

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ዚዮላይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል። ገላልጬ ሦስት ቀን አሰጣሁት ማለት ሦስት ቀን አጠጣሁት ማለት ነው። ጥር ደረቅ ነው ብንል እንኳ ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው አየር አለ። ውሃውን በደንብ ለማስለቀቅ 300 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሙቀት፣ ከደረቅ አየር ጋር ይፈልጋል። ፀሐይ ምን ታደርገዋለች። ስሙን ባውቀው ኖሮ ራሱ ይነግረኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1756 ክሮንስቴት የተባለ ስዊድናዊ የማዕድን ሊቅ አንድ ድንጋይ በእሳት ሲያግል እንደ ድስት ሲንተከተክ አየ። ውስጡ የነበረው ውሃ ነው እንፋሎት ሆኖ የወጣው። "የሚፈላ ድንጋይ" ብሎ በግሪክኛ ሰየመው፤ ዚዮላይት ማለት ያ ነው። ጠባዩ ገና ከስሙ ተነግሮናል። ቆርቆሮዬ አሁን የዶሮ ቤት ክዳን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን አየሁ። በኮቪድ ጊዜ የመጣ ማሽን መጋዘን ውስጥ ከነላስቲኩ ሁለት ክረምት ከርሞ፣ አንድ ቀን ሳይሠራ፣ ሲሰኩት ቢጫ ያበራል። "አዲስ ነው እኮ፣ ማሸጊያው አልተፈታም" ይሉኛል። እርጥበት ማሸጊያ ፍቱልኝ ብሎ አይጠይቅም። ማሽን ሲሠራ ነው የሚደርቀው፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ቀስ እያለ ይጠጣል። ሌላው ደግሞ የአንድ ሕመምተኛ ቤት ዘበኛ፣ አባባ፣ ደግ ሰው ናቸው። ማሽኑ አቧራ ነክቶት ቢያዩ የጀርባውን ስፖንጅ ፊልተር አውጥተው በሳሙና አጠቡት፣ ጥሩ አደረጉ። ከዚያ ውሃው እየተንጠባጠበ መልሰው ሰኩት። እማማ ማታ ላይ ደውለው "ልጄ፣ ጋሼ ከንፈሩ ጠቆረብኝ" አሉኝ። በባጃጅ እየበረርኩ ሄድኩ። መጠባበቂያ ሲሊንደር ስለነበራቸው ተረፉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሆኜ ነው ጽሑፋችሁን ያነበብኩት። የመቶ ሺዎቹን ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ፣ "ውሃ ሲነካቸውስ?" የሚል ነው።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ሐዋሳ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነው። የመመረቂያ ሥራው ይኸው ማበጠር ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሚቴን የሚለይ ቁስ። መብራት ሲጠፋበት እኔ ሱቅ ይመጣል፤ ትንሽ ጄኔሬተር አለችኝ። ላፕቶፑን ሰክቶ ጥግ ይቀመጣል። አሠራሩን እያደር አስረዳኝ። የገባኝ በእናቴ ሥራ ነው።

እናቴ ቡና ማበጠሪያ ቤት ለቃሚ ነበረች። ልጅ ሆኜ ምሳ አደርስላት ነበር። ቡናው መጀመሪያ በወንፊት ማሽን ያልፋል፣ በመጠን ይለያል። ቀጥሎ ነፋስ ያለበት ማሽን ቀላሉን ፍሬ ያስወግዳል። የቀረው ለሴቶቹ ይመጣል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን በእጅ ይለቅማሉ። ከዚያ ነው የሚቀመሰው። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፣ በቶን ይሄዳል። የመጨረሻው ቀርፋፋ ነው፣ በሲኒ ነው።

የኮምፒውተሩም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ቅርጽ ብቻ ያያል፤ ቀዳዳው ይሰፋል ወይስ ይጠባል፣ የውስጡ ገጽ ምን ያህል ነው። ይህ ለአንዱ ቁስ ከሰከንዶች አያልፍም። የማይረባው እዚያው ይወድቃል። ቀጥሎ አንዲት ሞለኪውል አስገብቶ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚይዛት ያሰላል። ላለፉት ደግሞ ሞንቴ ካርሎ የሚሉት ስሌት ይመጣል። ስሙ የቁማር ቤት ከተማ ስም ነው፣ ሥራውም ቁማር ይመስላል። ኮምፒውተሩ ሞለኪውሏን በዘፈቀደ አንድ ቦታ ላይ ይጥላታል፤ ከተመቻት ትቀመጣለች፣ ካልተመቻት ትነሳለች። ይህን በሚሊዮን ጊዜ ይደጋግማል። መጨረሻ ላይ ስንት ቁጭ እንዳሉ ይቆጥራል። ከዚህ ሁሉ የተረፉት አንድ ሁለቱ ናቸው ላብራቶሪ ውስጥ በእውነት የሚሠሩት።

ከቀደምቶቹ አንዱን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች 102 መገጣጠሚያ ክፍሎችን ወስደው በኮምፒውተር እያጋጠሙ 137,953 ሞፎች ፈጠሩ። ሞፍ ብረትና ካርቦናዊ ዘንግ ተጋጥመው የሚሠሩት ባለ ቀዳዳ ቁስ ነው፤ የ2025ን የኬሚስትሪ ኖቤል ለኪታጋዋ፣ ለሮብሰንና ለያጊ ያስገኘው። ሚቴንን ማን ይበልጥ አጭቆ ይይዛል ብለው ሁሉንም አበጠሩ። ከ300 በላይ የሚሆኑት ያኔ ከሚታወቀው ሁሉ ይበልጣሉ ብሎ ኮምፒውተሩ ተነበየ። ከዚያ አንዱን ሠርተው አዩት። ከመቶ ሠላሳ ሰባት ሺህ፣ አንድ! እናቴ ብትሰማ "ለቀማ ማለት ይሄ ነው" ትል ነበር።

እናቴ ግን የምትፈራው አንድ ፍሬ ነበር። የሸተተ ፍሬ ይሉታል። ሲታይ ያው ነው። በወንፊቱ ያልፋል፣ በነፋሱ ያልፋል፣ ዓይንም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ጀበና ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው ጉድ የሚፈላው፤ አንዱ ፍሬ ሙሉውን ሲኒ ያበላሸዋል። በማበጠሪያው ላይ የሌለ ጥያቄ መልስ አያገኝም። ወንፊቱ ስለ ሽታ አልተጠየቀም።

የእህቴ ልጅ የራሱን ዝርዝር አሳየኝ፤ ከአንድ እስከ አሥር። "አክስቴ፣ እዪው፣ አንደኛው እንዴት እንደሚይዝ!" አለኝ።

"ውሃስ?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። "ደረቅ ነው ያሰላሁት።"

ተናደድኩ ማለት አልችልም፣ ምክንያቱን ሲነግረኝ ገባኝ። ናይትሮጅንን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለኮምፒውተሩ መጣል ቀላል ነው። ውሃ ግን እርስ በርሱ እጅ ለእጅ ይያያዛል። አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋን ትጠራለች። ለረጅም ጊዜ ባዶ የነበረው ቀዳዳ ድንገት ግጥም ይላል። ያ ድንገት መቼ እንደሚመጣ ለማየት ስሌቱ በጣም ረጅም መሄድ አለበት። ለአንድ ቁስ ይቻላል። ለመቶ ሺህ ሲሆን ግን ጊዜውም ኮምፒውተሩም አይበቃም። ስለዚህ ብዙው ሰው ደረቁን ያሰላል፣ የደረቁን ደረጃ ያወጣል፣ ጋዜጣም የደረቁን አሸናፊ ያወራል። የግፊቱም ነገር አለ፤ ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ባር ነው የሚሰላው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየራችን 0.83 ባር አካባቢ ነው። ይሄንን ግን ልተወው፤ እሱ ቢያንስ አይለዋወጥም።

እርጥበት የሌለበት ጋዝ የት አለ? የፋብሪካ ጭስ እርጥብ ነው። የከብት እበት ጋዝ ከጉድጓዱ ሲወጣ በውሃ ተሞልቶ ነው የሚወጣው፤ ልጁ የሚያጠናው እሱን ነው። የምንተነፍሰው አየርም ያው ነው። ሞፍ-5 የተባለው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለምን ያስደነቀው ቁስ እርጥብ አየር ላይ ሲቆይ ይፈርሳል። ማግኒዥየም ሞፍ-74 ደግሞ ደረቅ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመያዝ የታወቀ ጀግና ነው፤ እርጥበት ካገኘው በኋላ ግን አብዛኛውን አቅሙን ያጣል። ለምን ቢባል፣ ጀግና ያደረገው የተጋለጠው ብረት ነው፤ ውሃም የሚወደው ያንኑ ብረት ነው። የኔ ዚዮላይት ታሪክ በሌላ ስም።

ልታዝኑ አይገባም፣ ይህን ያሰቡበት አሉ። ጽሑፋችሁ ላይ እንዲህ ያለው ቢገባ ኖሮ ሁለት ኮፒ እገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ሥራ አለ። ከ300,000 በላይ ሞፎችን ካበጠሩ በኋላ አሸናፊዎቹን ብቻ ይዘው አልሄዱም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በደንብ ከሚይዙት መካከል ውሃ የማይረብሻቸው ምን የጋራ መልክ አላቸው ብለው ጠየቁ። አንዱ መልስ ሁለት ጠፍጣፋ የካርቦን ቀለበቶች ትይዩ የቆሙበት ጠባብ ቦታ ሆነ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሃላቸው ልክ ይገባል። ውሃ ደግሞ የሚይዘው ስለሌለ እዚያ አይመቸውም። በዚህ መልክ ሁለት ቁስ ሠሩ። ከሁለቱ አንዱ እርጥብ ጭስ ላይ ሲፈተን ገበያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹን በለጠ፤ ከተበለጡት አንዱ የኔው 13ኤክስ ነው። ቅር አላለኝም። እርጥብ ጭስ ላይ 13ኤክስን ማን ጥሩ አለው።

ደግሞ ሁሉም ነገር ከኮምፒውተር ዝርዝር አይደለም የሚመጣው። ካልፍ-20 የሚባል ዚንክ ያለበት ሞፍ አለ፤ ካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በእጃቸው የሠሩት፣ ዝርዝር ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ። አየሩ መጠነኛ እርጥበት ቢኖረውም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስቀድማል። ሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ላይ ሳይቀር ተሞክሯል። ደረቁን ብቻ ቢያዩት ኖሮ ከዝርዝሩ አናት ላይ ላይገኝ ይችል ነበር። ዝርዝሮቹም ራሳቸው ችግር አለባቸው፤ ከላብራቶሪ የተሰበሰቡት ቅርጾች ሃይድሮጅን የጎደላቸው፣ አቶም የተደራረበባቸው አሉ። እንክርዳድ ያለበትን ጤፍ ብታበጥሩት እንክርዳዱም አብሮ ደረጃ ይወጣለታል።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። ከኖቤሉ ሦስት ሰዎች አንዱ ኦማር ያጊ እ.ኤ.አ. በ1965 አማን፣ ዮርዳኖስ፣ ከፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ልጅ ሆኖ ሰፈራቸው ውሃ በየተወሰነ ቀኑ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር የምትመጣው፤ ይህንን ሐዋሳ ላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይኸው ሰው በኋላ ከደረቅ በረሃ አየር ማታ ማታ ውሃ የሚጠጡ፣ ቀን በፀሐይ ሙቀት የሚለቁ ሞፎች ሠርቶ አሪዞና በረሃ ላይ አስሞከረ። በፀሐይ! እኔ ቆርቆሮ ላይ የከሸፈብኝ ነገር እሱ ጋ መጠጥ ውሃ ሆነ። ልዩነቱ ውሃውን ጠበቅ ሳይሆን ላላ አድርጎ የሚይዝ ቁስ መምረጡ ነው። ለአንዱ ጠላት የሆነው ለሌላው ቀለብ ነው፤ ግን ሁለቱም ስለ ውሃ መጠየቅ ነበረባቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አንደኛ፣ ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ጊዜ ስትጽፉ ጸሐፊያችሁ "ይህ ቁጥር የደረቅ ነው ወይስ የእርጥብ?" ብሎ ይጠይቅልኝ። አንድ መስመር ትበቃለች። ሁለተኛ፣ ለማሽን ገዢዎች አንድ ማስታወሻ አውጡልኝ። ኮንሰንትሬተር ዝም ብሎ መጋዘን አይቀመጥም፤ አልፎ አልፎ ለተወሰነ ሰዓት ይሥራ። ፊልተር ታጥቦ ሳይደርቅ አይመለስ። የኦክስጅን መለኪያ የሌለው ቤት ቢያንስ ቢጫ መብራቱን አይሸፍን፤ ብርሃኑ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ፕላስተር የለጠፈበት ሰው አጋጥሞኛል።

ሦስተኛው ጥያቄ አይደለም፣ ወሬ ነው። ልጁ ባለፈው አንድ ነገር አነበበልኝ። አሜሪካ ሃቨርፎርድ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች አሮጌ የላብራቶሪ ደብተሮችን ከመደርደሪያ አውርደው ወደ 4,000 የሚጠጉ ሙከራዎችን፣ ያልተሳኩትንም ጭምር፣ ለኮምፒውተር አስተማሩት። ብረትና ካርቦናዊ ነገር ያለባቸው ክሪስታሎች ናቸው፣ የሞፍ ዘመዶች በሉት። ከዚያ ለአዲስ ሙከራ ማን ይሻላል ሲባል፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች 78 በመቶ ሲሳካላቸው ኮምፒውተሩ 89 ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የታተመው። ሰዎቹን ያሸነፋቸው የራሳቸው ውድቀት ነው። ማንም የማያሳትመው ነገር።

ይህን ሲያነብልኝ ዓይኔ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ከ2001 ጀምሮ ደብተር እይዛለሁ። የመጣ ማሽን ሁሉ አለበት፤ ቀኑ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ቆጣሪው ላይ የሚያሳየው፣ ስንት በመቶ እንዳነበበ፣ ሲፈታ ምን እንደተገኘ። "እንክብሉ ዱቄት ሆኗል።" "ቫልቭ።" "አይጥ።" የመጀመሪያው ደብተር አራተኛ ገጽ ላይ "ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ አይሠራም" የሚል አለ፣ ማን እንዳሰጣው አልተጻፈም።

ልጁ አንዱን ደብተር አንስቶ ገላለጠው። "የእርጥበት መጠን የሚል ዓምድ የለውም" አለ።

"ያኔ መለኪያ አልነበረኝም" አልኩት።

"ወሩ ግን አለ።"

ወሩ አለ። ማሽኑ የመጣበት ሰፈርም አለ፤ ከሐይቅ ዳር የመጣው ከታቦር ተራራ ሥር ከመጣው ይለያል። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር እየመጣ ይገለብጠዋል። ጽሕፈቴ አይነበብም እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ "ሰኔ" እና "ሐምሌ" የምጽፈው አንድ ዓይነት ነው ይላል። ሁለተኛው ደብተር ላይ ደርሰናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከሐዋሳ